የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ የተገለበጠው ቀስት

የዘንድሮው የክበባችን ሥራ የተጀመረው በድንጋጤ ነው። ኅዳር ላይ የአንድ ቀን ዕድሜ ያላቸው 20 ሴት ጫጩቶች ገዝተን አመጣን። መኖ ቀረበ፣ ውሃ ቀረበ፤ እነሱ ግን ተጠጋግተው ተኙ። «ሊሞቱ ነው» ብለው ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አለቀሱ። ጫጩት ሊፈለፈል ሲል የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዱ ስቦ እንደሚያስገባ፣ በዚያም ስንቅ ሁለት ሦስት ቀን መቆየት እንደሚችል ነገርኳቸው። የአንድ ቀን ጫጩት በአውሮፕላን ከአገር አገር የሚሻገረው በዚሁ ስንቅ ነው። ቢሆንም ቶሎ መኖ የለመደ ጫጩት የተሻለ ያድጋልና መኖው ላይ በጣታችን እያንኳኳን መልቀም አስለመድናቸው፤ እናት ዶሮ በመንቁሯ የምትሠራውን ማለት ነው።

መብራት በጠፋበት ሌሊት ሦስቱ ሞቱብን። ከዚያ ወዲያ ዙሪያውን ጭድ የተጠቀጠቀበት ሳጥን ሠራንላቸው።

ጥር ላይ «ብላ፣ በቃህ የሚላቸው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። መልሱን በትልቅ ወረቀት ላይ ሣልነው፦ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል መሐል፣ ጨጓራና አንጀት ከታች፣ በመካከላቸው ሆርሞኖች። ከጨጓራ የሚነሣው የግሬሊን ቀስት «ብላ» ወደሚለው እንዲያመለክት ያደረግሁት እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በአይጥ ጨጓራ ያገኙት ይህ ሆርሞን በአይጥም በሰውም ረሃብን ይቀሰቅሳል። ጫጩትም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አንብባ መጣችና ሥዕሉን አፈረሰችው፦ ግሬሊን በጫጩት አንጎል ውስጥ ሲወጋ መብላቱን ይቀንሳል፤ መንገዱም የጭንቀትን ምልክት በሚያስተላልፈው ኬሚካል በኩል ነው። ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የተባለው የአንጎል ኬሚካል ግን በጫጩትም በአይጥም ያስርባል። ስለዚህ ወረቀቱን አልቀደድነውም፤ አንዱን ቀስት ብቻ ገለበጥን።

ጭንቀት የሚለው ቃል የራሳችንን ጥፋት አስታወሰን። ጫጩቶቹን በየቀኑ የሚመዝኑት አሥር እጆች ነበሩ፤ የሚተርፈው መኖም ይበዛ ነበር። ሚዛኑን በሳምንት አንድ ቀን፣ በሁለት ልጆች ብቻ አደረግነው፤ የሚተርፈውም አነሰ። ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረን ይህን ሙከራ ብዬ አልጠራውም፤ ልጆቹ ግን እስካሁን ይከራከሩኛል።

ከሁሉ ያከራከረን ቨርጂኒያ ቴክ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ዶሮዎች ነገር ነበር። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ከአንድ መነሻ የመጡ ዶሮዎች በ56 ቀን ክብደታቸው እየተመረጡ ከባዶቹና ቀላሎቹ በሁለት ወገን ሲባዙ ኖረዋል። ዛሬ የክብደት ልዩነታቸው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ከቀላሎቹ ወገን መኖ ፊታቸው ተቀምጦ ሳይለቅሙ የሚሞቱ ጫጩቶች አሉ፤ ከባዶቹ ደግሞ ካልተመጠነላቸው ከልክ በላይ ይወፍራሉ። «ታዲያ ሆዳምነት ጥፋት ነው ወይስ ዘር?» አለ አንዱ። ደወል አዳነኝ።

17ቱ ዶሮዎች ግንቦት ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ። ከሽያጩ የራሳችንን ሚዛን ገዛን፤ ከሻይ ክበቡ ተውሰነው የነበረውንም መልሰናል።