ስለ አባባ ሕመም፦ ከፍራንክፈርት ወደ ደሴ

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ፣ ለእትዬ

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እማማስ፣ ልጆቹስ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በስልክ ስናወራ እማማ አጠገብሽ ስለሚሆኑ፣ ሁለታችንንም እንባ ስለሚቀድመን፣ ሐሳቤን በጽሑፍ መግለጽ መረጥሁ። ለወንድማችንም አንብቢለት።

ከሁሉ ይልቅ የጎዳሽ የሌሊቱ ነገር መሆኑ ገብቶኛል። አባባ ቀን ሲያንቀላፉ ውለው ሌሊት እየተነሡ የመኪና ቁልፍ እንደሚጠይቁ፣ ባቲን አልፈው ሚሌ የደረሱ እየመሰላቸው ረዳታቸውን እንደሚጣሩ፣ አንቺንም «ሌባ» ብለው እንደሰደቡሽ ነግረሽኛል። የአሰብ መንገድ ከተዘጋ እኮ ስንት ዘመኑ! ይህ ጠባያቸው ተለውጦ፣ ወይም ጎረቤት እንደሚለው ነገር ተደርጎባቸው አይደለም። አንጀት ውስጥ የሚፈጠረውን አሞኒያ የተባለ መርዝ ማጣራት የጉበት ሥራ ነው፤ የአባባ ጉበት ግን በመጠጡ ብዛት ጠባሳ እየሆነ ስለ ደረቀ መርዙ ከደም ጋር ወደ አንጎል ይወጣና ቀንና ሌሊታቸውን ያምታታባቸዋል። እዚህ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሕሙማን አስታምሜአለሁ፤ ሌሊት ሲሰድበኝ ያደረ ሰው መድኃኒቱ ከሠራለት በኋላ በስሜ ጠርቶ ቡና ይጠይቀኛል።

ስለዚህ ላክቱሎስ የተባለውን ጣፋጭ ሽሮፕ «ተቅማጥ አመጣባቸው» ብላችሁ እንዳታቋርጡባቸው። መርዙን ከአንጀት ጠርጎ የሚያወጣው እሱ ነው፤ የሚፈለገውም በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እንዲወጣቸው ነው። ከዚያ ካነሰ ሌሊቱ ይከፋል፤ እጅግ ከበዛም ሰውነታቸው ውሃ ያጣልና ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክለው። ጠዋት ጠዋት መኪና እንደሚያስቆም ትራፊክ ፖሊስ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ቀና እንዲያደርጉ ጠይቂያቸው፤ መዳፉ መጽናት አቅቶት ከተርገበገበ መርዙ እየተጠራቀመ ነውና ቶሎ ለሐኪሙ አሳውቂ። እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ብለሽ ዲያዜፓም እንዳትገዢ፤ የደከመ ጉበት ቶሎ ስለማያስወግደው ጭልጥ አድርጎ ራሳቸውን ሊያስታቸው ይችላል። ለወገባቸው ሕመምም ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የተባሉት ማስታገሻዎች ይቅሩ፤ ኩላሊታቸውን ይጎዳሉ፣ የጨጓራ መድማትም ያመጣሉ።

በጉበታቸው ሕመም የተነሣ ሆዳቸው ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ በተመለከተ ወጥ ላይ ጨው እንደማትጨምሪ ነግረሽኛል። ነገር ግን የእኛ ቤት በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው አብሮ እንደሚፈጭ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ለእሳቸው ጨው የሌለበት ለብቻው ይፈጭላቸው። ለቀን የሚፈቀደው በዳቦው፣ በእንጀራውም ያለው ተደምሮ 5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ጨው ካልተቀነሰ ውሃ የሚያስወጡት ክኒኖች ብዙም አይረዱም፣ ሆዳቸውም በተቀዳ ማግሥት መልሶ ይነፋል። ምግብ ግን አይቀነስባቸው። ሰውነታቸው እንዲህ የመነመነው ጡንቻቸው እያለቀ ስለሆነ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር ያስፈልጋቸዋል፤ ሊተኙ ሲሉም ትንሽ ነገር ይቅመሱ። የነቢያት ጾም ስለ ደረሰ የንስሐ አባታችንን አስቀድመሽ አማክሪ፤ ለሕመምተኛ እንደሚፈቅዱ አልጠራጠርም።

የቀድሞ ጓደኞቻቸው «በአንድ ጊዜ ካቆመ ይሞታል» እያሉ በኮት ኪስ ካቲካላ ይዘው መምጣታቸውን ሰምቼ ተናድጃለሁ። አባባሉ ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም፤ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና የሚጥል በሽታ ሊመጣበት ይችላል። አባባ ግን ያንን ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው፣ በሐኪም እጅ አልፈውታል። ስለዚህ «ትንሽ ለማስታገሻ» የሚባል ነገር የለም፤ ቢራም ቢሆን ቀላል አይደለም፣ አንድ ጠርሙሱ ከአንድ መለኪያ አረቄ የማያንስ አልኮል አለበት። ወዳጆቻቸው ይምጡ፣ ይጫወቱ፣ ኪሳቸውን ግን በር ላይ ፈትሺ። ቢቀየሙ ይቀየሙ።

ወንድማችን ቤቱን ሸጠን ሕንድ አገር ወስደን ጉበት እናስቀይር ማለቱ ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ ግን አልስማማም። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፣ ልባቸውም ደካማ ነው፤ ብዙ የንቅለ ተከላ ማዕከሎችም መጠጥ ካቆሙ ወራት ያላለፋቸውን አይቀበሉም። እማማን ቤት አልባ ማድረግ አባባን አያድናቸውም። ጠባሳው ተመልሶ ጤነኛ ጉበት ባይሆንም፣ መጠጡን በመተዋቸው ብቻ ሆዳቸው የሚጎድልበትና አእምሯቸው የሚጠራበት ተስፋ አለ። «ራሱ ያመጣው ነው» የሚለውን ክርክር ደግሞ ተዉት፤ እውነት ቢሆንም ለማስታመሙ ምን ይጠቅማል?

ደም ካስታወኩ፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ከመጣ፣ አልነቃ ካሉም ጠዋትን ሳትጠብቂ ሪፈራል ሆስፒታል አድርሻቸው። የላክሁት ገንዘብ ለዚህ ለትራንስፖርቱና ለመድኃኒቱ ነው፤ ለድግስም ለተዝካርም እንዳይነካ። ሌሊት አንቺና ወንድማችን ተፈራረቁ፤ አንቺ ከወደቅሽ ሌላ አስታማሚ የለንም።

አእምሯቸው ጥርት ባለበት ጠዋት ደግሞ የሚፈልጉትን ጠይቂያቸው፦ ስለ ቤቱ፣ ስለ ዕዳ፣ ሕመሙ ቢጠና ሆስፒታል መተኛት ወይም ቤት መሆን ስለ መምረጣቸው። ከባድ ቢሆንም እሳቸው እያሉ እኛ ባንገምትላቸው ይሻላል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ፤ ነቅተው ከሆነ ስልኩን ለእሳቸው ስጪልኝ። ለአጥር ጎረቤቶቻችንም ዱዓቸው እንደ ደረሰኝ ንገሪልኝ።

ታናሽ እኅትሽ