ውድድሩ ለምን አይገፋም?

የተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ በረዶ ሸርተቴ የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። መክፈቻውን የሚያስተናግደው የኦስትሪያው ሶልደን ግሩም የጃይንት ስላሎም (በተተከሉ ምልክቶች መካከል እየተጠማዘዙ የሚወርዱበት ውድድር) ሜዳ መሆኑን ማን ይክዳል? ከሬተንባህ የበረዶ ግግር፣ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ተነሥተው ያ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ሲመጣ እግሩ የደከመው እዚያው ይለያል። ግን አዘጋጆቹ ውድድሩን በጥቅምት እንዲያካሂዱ ምን አጣደፋቸው? እ.ኤ.አ. በ2022 የሴቶቹ ውድድር በዝናብና በበረዶ ቀረ፤ በ2023 የወንዶቹን ነፋስ መሀል ላይ አስቆመው። በዚያው ዓመት ኤክስካቫተር ግግሩን ሲቆርስ የሚያሳየው ምስል ስንቱን አስቆጣ! የሸርተቴ ነጋዴዎች ገበያው ቶሎ እንዲከፈት መፈለጋቸው ይገባኛል (እኔም ብሆን እፈልግ ነበር)። ታዲያ እስከ ኅዳር ቢጠብቁ ማን ይከስራል?

አንባቢያችሁ፣ ከቪየና