ቀብዱን ከመክፈልህ በፊት

ልጄ፣

የላክህልኝን፣ ቤት ልትገዙበት ያሰባችሁትን የአዲሱን መንደር ሥዕል ትናንት ማታ መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አየሁት። ሐይቁ፣ በሐይቁ ዙሪያ የሚዞረው የእግር መንገድ፣ የልጆች መጫወቻው፣ አንድ ዓይነት ጣሪያ ለብሰው የተደረደሩት ቤቶች፣ ሁሉም ያምራሉ። በስልክ ስታወራኝም ደስታህን ከድምፅህ ሰምቻለሁ። ልጃችሁ ሳይወለድ በራሳችሁ ጣሪያ ሥር ለመግባት መጓጓታችሁ ይገባኛል። ነገር ግን «ቅዳሜ ቀብድ እንከፍላለን» ካልከኝ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በስልክ ብነግርህ ግማሹን እረሳዋለሁ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

በሥዕሉ ላይ ካለው ሁሉ ዛሬ መሬት ላይ ያለው የትኛው ነው? አባትህና እኔ የመጀመሪያ ቤታችንን የገዛነው እንዲህ ካለ መንደር ነበር፤ አንተ ገና አልተወለድክም። ከደጃችን ፊት ለፊት፣ በፕላኑ ላይ በአረንጓዴ የተቀባ ሰፊ ቦታ ነበር። መናፈሻ ይሆናል ተባልን። ስድስት ዓመት ሙሉ የአሸዋና የብሎኬት ማራገፊያ ሆኖ ከቆየ በኋላ ሌላ ረድፍ ቤት ተሠራበት። ውላችንን አውጥተን ስናነብ ስለ መናፈሻ አንድም ቃል አላገኘንም። በሥዕሉ ግርጌ ግን በደቃቅ ፊደል፣ አልሚው (መንደሩን የሚሠራው ድርጅት ማለት ነው) ፕላኑን የመለወጥ መብቱ የተጠበቀ ነው የሚል መስመር ነበር። አባትህ ያንን መስመር ጮክ ብሎ ካነበበልኝ በኋላ ወረቀቱን ዝም ብሎ አጠፈው።

እንዲህ ያለው ነገር የሚመጣው ሁልጊዜ ከአታላይ ሰው አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ራድበርን የሚባል መንደር ተቆረቆረ። እግረኛና መኪና እንዳይገናኙ ታስቦ የተነደፈ፣ ቤቶቹ ፊታቸውን ወደ አትክልት ስፍራ ያዞሩለት፣ የከተማ ፕላን ተማሪዎች ዛሬም የሚያጠኑት ሥራ ነው። የታሰበው ለ25,000 ሰው ነበር። ነዋሪዎች መግባት በጀመሩበት በዚያው ዓመት የአክሲዮን ገበያው ወደቀ፤ ቆይቶም አልሚው ድርጅት ከሰረ። ከዕቅዱ የተሠራው ጥቂቱ ብቻ ነው። ንድፉን ያወጡት ሰዎች ቅን ነበሩ፤ ገንዘቡ ግን አለቀ። ስለዚህ ለቤቱ ዋጋ ስታወጣ ዛሬ የቆመውን ብቻ ተምን። መጫወቻውና ሐይቁ፣ መቼ እንደሚያልቁና ካላለቁ አልሚው ምን እንደሚከፍልህ በውሉ ውስጥ ካልተጻፈ፣ ለእነሱ ብለህ አንዲት ሳንቲም አትጨምር።

ለጎብኚ የተዘጋጀውን የማሳያ ቤትም በዚህ ዓይን እየው። የወጥ ቤቱ መደርደሪያ፣ የወለሉ ጣውላ፣ የበሮቹ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ የሚከፈልባቸው ናቸው። በተጠየቀው ዋጋ የሚሰጥህን የዕቃ ዝርዝር በጽሑፍ አስወጣ፤ የዕቃው ዓይነትና ደረጃ ሳይቀር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብቆይ አትሰልች። እንዲህ ባለ መንደር የምትገዛው ቤትህን ብቻ አይደለም። ከዋናው በር እስከ ደጃፍህ ያለውን መንገድ፣ የመንገድ መብራቱን፣ አጥሩን፣ የጥበቃ ቤቱን ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር በጋራ ትገዛለህ። የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ከቤቱ ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ አልፈልግም ብለህ የምትወጣበት አይደለም። ያ ያማረ ሐይቅም የሚገኘው በመንደሩ ዝቅተኛ ጫፍ ነው፤ በሥዕሉ ላይ የጎርፍ ቦዮቹ ሁሉ ወደ እሱ ያመራሉ። ለጌጥ ብቻ የተቆፈረ አይመስለኝም። መሬት በጣሪያና በአስፋልት ሲሸፈን የዝናብ ውሃ መስረጊያ ያጣል፤ ጎርፉን ይዞ በዝግታ የሚለቅ ኩሬ የሚሠራው ለዚህ ነው። መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ኩሬ ደለል ይሞላል፤ ደለሉን የሚያስጠርገው ማነው? የከተማው አስተዳደር ነው ወይስ እናንተ? መንገዱስ የማን ነው? አስፋልት በ15 እና በ20 ዓመት መካከል እንደገና መልበስ ይፈልጋል። የዚያን ወጪ ግምት ጠይቅና በዓመታቱ ቁጥር፣ ከዚያም በቤቶቹ ቁጥር አካፍለው። የሚወጣው ቁጥር ለማኅበሩ ከምትከፍሉት መዋጮ ላይ በየዓመቱ ተነሥቶ ካልተቀመጠ፣ አንድ ቀን ሁላችሁንም በአንድ ጊዜ ክፈሉ ትባላላችሁ።

ወርሃዊ መዋጮው ትንሽ ነው ብለህ ተደስተሃል። እኔን ያሳሰበኝ ደግሞ ትንሽነቱ ነው። ቤቶቹ ተሸጠው እስኪያልቁ ድረስ ማኅበሩን የሚመራው ብዙውን ጊዜ አልሚው ራሱ ነው፤ አብላጫው ድምፅ የእሱ ነውና። ገዢ እንዳይሸሽበት መዋጮውን ዝቅ አድርጎ ያቆያል፤ የጎደለውን ለጊዜው ራሱ ይሸፍናል፣ ወይም ጥገናውን ያሳድረዋል። አስረክቦ ሲሄድ እውነተኛው ወጪ በነዋሪው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አመራሩ ለነዋሪዎች የሚተላለፈው መቼ እንደሆነ ጠይቅ። የዘንድሮውን በጀት፣ የመጠባበቂያ ሒሳቡን፣ መዋጮ ያልከፈሉ ቤቶችን ብዛትና ማኅበሩ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ካለው እሱን ጨምረው ይስጡህ። ከሁሉ በላይ ግን ያለፉትን ሁለት ዓመታት ቃለ ጉባኤ ፈልግ። በጀት ተስተካክሎ ሊቀርብ ይችላል፤ ቃለ ጉባኤ ግን ሰዎቹ በምን እንደተጣሉ ይናገራል። በሦስት ተከታታይ ስብሰባ «የፍሳሽ ጉዳይ ለሚቀጥለው ይደር» የሚል ካገኘህ፣ ማወቅ የሚገባህን አውቀሃል።

ነገሩን አጋነንሽው እንዳትለኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021፣ በሰኔ ወር፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ሰርፍሳይድ በተባለች ከተማ አንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በሌሊት ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ መሐንዲስ ከባድ ጉዳት እንዳለ ጽፎ ነበር፤ ነዋሪዎቹ በጥገናው ወጪ ሲከራከሩ ጊዜው አለፈ። የእናንተ ፎቅ አይደለም፣ እንደዚያ አይሆንም። የጋራ ንብረት ያለ መጠባበቂያ ገንዘብ ሲያረጅ ሰው ውሳኔውን እንዴት እየገፋ እንደሚሄድ ግን እዚያ ይታያል።

መተዳደሪያ ደንቡን ራስህ አንብበው እንጂ ሻጩ አይተርክልህ። ባለቤትህ ቤት ውስጥ የምትሠራው የስፌት ሥራ ይፈቀድላታል? ስትቸገሩ ቤቱን ማከራየት ትችላላችሁ? እኔ ሳረጅ አብሬያችሁ እንድኖር ከጓሮ አንዲት ክፍል እንሠራለን ብለኸኛል፤ እሱንም ይከለክል እንደሆነ እይ።

ሌላው የሚያስፈራኝ ውሃ ነው። በዚያ በመጀመሪያው ቤታችን፣ በሁለተኛው የዝናብ ወቅት፣ አንድ ማለዳ ከአልጋ ስወርድ እግሬ እርጥብ ምንጣፍ ረገጠ። የኋላው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጠቁሯል። ቀለሙን በጥፍሬ ስነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቶ መጣ፤ ከሥሩ ልስኑ እንደ ሊጥ ለስልሷል። ከውጭ ዞሬ ባየው የጓሮው መሬት ወደ ቤቱ ያዘነበለ ነበር። በበጋ ስለገዛነው አላየነውም። መሬት ከግድግዳው በራቀ ቁጥር ዝቅ ማለት አለበት፤ በመጀመሪያው ሦስት ሜትር ውስጥ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር። አንድ ረጅም ጣውላና ውሃ ልክ ይዘህ ሂድና በአራቱም ጎን ለካ። ከተቻለህ ደግሞ ዝናብ እየዘነበ ሂድ፤ ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚቆም ዣንጥላህን ይዘህ ተመልከት።

ቦታው በጎርፍ ካርታ ላይ የት እንደሚወድቅም ጠይቅ። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲሉህ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ እንዳይመስልህ። በየዓመቱ አንድ በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። ብድርህ የ30 ዓመት ከሆነ፣ በዚያ ዘመን ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ 26 በመቶ ያህል ነው፤ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ።

መሬቱ ኮረብታ እንደነበረ ነግረኸኛል። ኮረብታ ሲደለደል ከፍታው ይቆረጣል፣ ጎድጓዳው ይሞላል። የእናንተ ቤት በነባሩ መሬት ላይ ነው ወይስ በሙሌቱ ላይ? ሙሌቱ ንብርብር በንብርብር በደንብ ካልተጠቀጠቀ ቤቱ ከተሠራ በኋላም ለዓመታት ይሰምጣል። የአፈር ምርመራውን ውጤት ጠይቅ። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ፣ ያለ ምክንያት የማይገጥም በር ካየህ አትለፈው። ይህን የሚያይልህ መሐንዲስ አንተ የቀጠርከው፣ ለአንተ ብቻ የሚሠራ ይሁን፤ ሻጩ የሚጠቁምህን አትቀበል። አዲስ ቤት ምን ይመረመራል አትበል። እንዲያውም ያላለቀ ከሆነ ቱቦውና ሽቦው በልስን ሳይሸፈን ቢታይ ይሻላል።

የቀረውን ባጭሩ ልበልህ፤ አንተም የምታውቀው ነው። መሬቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ሻጩ ባሳየህ ቅጂ ሳይሆን መዝገቡ ካለበት መሥሪያ ቤት አረጋግጥ፤ አልሚው መሬቱን ለባንክ አስይዞት ሊሆን ይችላል። በጓሮህ ሥር የሚያልፍ የውሃ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ካለ፣ እዚያ ላይ መሥራት አትችልም። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ባዶ ሜዳ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ከከተማው ፕላን ላይ እይ። ወደ ሥራህ የሚወስደውን መንገድ በሥራ ቀን፣ በመግቢያ ሰዓት አንድ ጊዜ ንዳው፤ እሑድ የነዳኸው አይቆጠርም። መንደሩ መውጫው አንድ ብቻ መሆኑን በሥዕሉ ላይ አይቻለሁ፤ ያ በር ቢዘጋ አምቡላንስ በየት ይገባል? አስቀድመው ከገቡት ነዋሪዎች ሁለት ሦስቱን ሻጩ በሌለበት አነጋግር። ቀብዱም በአልሚው ኪስ ሳይሆን በሦስተኛ ወገን ሒሳብ ይቀመጥ፤ ባንኩ ብድሩን ከከለከለህ እንደሚመለስልህም ይጻፍ።

«ዋጋው ሰኞ ይጨምራል» ብለውሃል አሉ። ለእኛም እንዲሁ ብለውን ነበር፤ ሰኞ አልጨመረም፣ ከሦስት ወር በኋላም ያው ነበር።

የኔ ጌታ፣ ለቀብዱ ካጠራቀማችሁት ላይ ለመሐንዲሱ አትክፈል፤ እሱን እኔ እከፍላለሁ። ዓርብ ማታ እመጣለሁ። ለቅዳሜ ዝናብ አለ ብለዋልና ክፍያውን ለሌላ ሳምንት አስተላልፈው፤ ጠዋት አብረን ሄደን ጓሮውን እንየው። የአባትህን ውሃ ልክ ይዤልህ እመጣለሁ።

እናትህ