ሒሳቡን ዕቃው ከመጋዘን ሳይወጣ ንገሩን

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም በማይርቅ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ የትንፋሽ ሙዚቃ መሣሪያዎችን እየጠገንኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። የምጽፍላችሁ ከውጭ የገዛነውን ዕቃ ስለሚያመጡልን ድርጅቶች አከፋፈል ነው። ሳክስፎን፣ ክላርኔትና ትራምፔት ይመጣልኛል፤ አልፎ አልፎም ፍሉት። አንድ ቴነር ሳክስፎን ከ20 በላይ ክዳኖች አሉት፤ በእያንዳንዱ ክዳን ሥር በስስ ቆዳ የተለበጠ ክብ ነገር አለ፣ ፓድ ይባላል። ፓዱ ሲደርቅ ወይም ሲቀደድ አየር ያሾልካል፣ መሣሪያውም ወፍራሙን ድምፅ እምቢ ይላል። ፓድ፣ መርፌ የሚያህሉ ሞላዎች፣ ለመገጣጠሚያው የሚሆን ቡሽ፣ ከሸንበቆ ተልጎ የሚሠራው ሪድ፣ እነዚህን ሁሉ በምፈልገው ዓይነትና መጠን መርካቶም ፒያሳም ፈልጌ አጥቻለሁ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው 40 የአርመን ወጣቶች፣ «አርባ ልጆች» ከምንላቸው ሙዚቀኞች ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ የዚህ ሙያ መለዋወጫ ያለው ባሕር ማዶ ነው።

የባሕር ማዶው ሻጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ እኛ አይልክም። ትዕዛዜን ልጨርስ ስል ከአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን አጣታለሁ። ብትኖርም የመንገድ ቁጥርና የፖስታ መለያ ቁጥር ካልሞላሁ ቅጹ አያሳልፈኝም፤ የእኔ አድራሻ ግን «ከቴአትር ቤቱ ጀርባ፣ ከፎቶ ቤቱ አጠገብ» ነው። የያዝኩት የባንክ ካርድም እነርሱ ዘንድ አይሠራም። ስለዚህ ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ትከፍልልኛለች፣ ዕቃውን ደግሞ ሰዉ በተለምዶ ካርጎ የሚለው አስተላላፊ ድርጅት ያመጣልኛል።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። ድርጅቱ በውጭ አገር መጋዘን አለው። አሜሪካ ከሆነ መጋዘኑ ብዙ ጊዜ ደላዌርን ወይም ኦሪገንን በመሰለ፣ የሽያጭ ታክስ በማይከፈልበት ግዛት ውስጥ ነው። ለደንበኛው የመጋዘኑ አድራሻ ከአንድ መለያ ቁጥር ጋር ይሰጠዋል። ሻጩ ዕቃውን እዚያ ያደርሳል፤ የመጋዘኑ ሠራተኛ በቁጥሩ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ከተለያዩ ሻጮች የተገዛውን በአንድ ካርቶን ያሽጋል፤ ከዚያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይመጣል። ለእኔ ይህ አገልግሎት ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ በፊት አንድ ሰው ከዋሽንግተን ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር ስልክ እየደወልኩ፣ «ሁለት ሻንጣ ነው የተፈቀደልኝ፣ ሁለቱም ሞልቷል» እየተባልኩ፣ ለአንድ ፓኬት ሪድ የሰው ፊት ሳይ ኖሬአለሁ። ድርጅቶቹ ከዚህ ስላወጡኝ አመሰግናቸዋለሁ። የምጽፈውም እንዲዘጉ ፈልጌ አይደለም።

የጻፍኩበት ምክንያት አንድ ካርቶን ነው።

ባለፈው ሰሞን በየሆቴሉ እየተጫወተ የሚኖር አንድ ወጣት ቴነር ሳክስፎኑን ይዞ መጣ። ከግማሽ የሚበልጠው ፓድ አልቋል። «ጋሼ፣ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሠርግ ሥራ ይዣለሁ» አለኝ። ዋጋውን አሰላሁለት። ሙሉ የፓድ ስብስብ፣ ቡሽ፣ አንድ ፓኬት ሞላና ሁለት ፓኬት ሪድ በአንድ ላይ 86 ዶላር ይመጣል። አስተላላፊው ድርጅት በኪሎ 14 ዶላር እንደሚያስከፍል ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል። ዕቃው አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ስለዚህ ማጓጓዣው 14 ዶላር ነው ብዬ ለልጁ ነገርኩት። እርሱም በዚያው ልክ ቀብድ ከፈለ።

ዕቃው አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በስልኬ መልእክት ደረሰኝ፦ «5 ኪሎ፣ 70 ዶላር።»

የሌላ ሰው ዕቃ ተቀላቅሎብኝ ነው ብዬ ሄድኩ። አልተቀላቀለም። ካርቶኑን ሱቄ ወስጄ ስከፍተው በአየር የተነፋ ላስቲክ ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል፤ የእኔ ዕቃ ከሥር፣ በአንደኛው ጥግ ተቀምጧል። ሚዛን ላይ ሳወጣው 700 ግራም ሆነ። ካርቶኑን በሜትር ለካሁት፦ ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 20 ሴንቲ ሜትር። ሦስቱ ሲባዙ 24,000 ይሆናሉ። ይህ ለ5,000 ሲካፈል 4.8፤ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 5 ኪሎ። ለካስ የተመዘነው የካርቶኑ ስፋት ኖሯል።

በስፋት ማስከፈሉ ራሱ ነውር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፍራሽ የሚጭን የአይሱዙ ሾፌር በኪሎ ልክፈልህ ቢሉት አይስማማም፤ መኪናው የሚሞላው ክብደቱ ሳይደርስ ነው። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። ዓለም አቀፍ ፈጣን መልእክት አድራሾች ስፋቱን ለ5,000 የሚያካፍሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ በአየር ጭነት ለ6,000 የሚያካፍሉም አሉ። ይኸው ካርቶን ለ6,000 ቢካፈል 4 ኪሎ ይሆን ነበር። ከትክክለኛው ክብደትና ከስፋቱ የሚበልጠው ይከፈላል፤ ይህ የሙያው ደንብ ነው። ነገር ግን ማስታወቂያው «በኪሎ» ብቻ ይላል። አካፋዩ ቁጥር የትም አልተጻፈም። ካርቶኑን የመረጠው እኔ አይደለሁም፤ ሻጩም አይደለም። የመረጠው ራሱ የሚያስከፍለው ድርጅት ነው።

ዕቃዎቹን በሙሉ 25 በ20 በ10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሌላ ካርቶን ውስጥ አስገብቼ አየሁ። ሳይጨናነቁ ገቡ። ስፋቱ ሲሰላ ልክ 1 ኪሎ ነው። በሁለቱ ካርቶኖች መካከል ያለው ልዩነት 56 ዶላር ነው፤ ለእኛ ለእጅ ባለሙያዎች ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ብዙ ሰው የማያስተውለውም ይህንን ነው። ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ የማጓጓዣውና የመድኑ ወጪ ተደምሮበት ነው። መድኑን ትተን ብናሰላ፣ የእኔ ዕቃ መነሻ ዋጋ 100 ዶላር መሆን ሲገባው በካርቶኑ ምክንያት 156 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ታክሶቹ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ የሚደራረቡ ናቸው። በመነሻው ዋጋ ላይ ቀረጥ፣ ካለበትም ኤክሳይዝ ታክስ ይታሰባል፤ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፤ በዚያም ድምር ላይ፣ ዕቃው ነጻ ካልተደረገ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ። ቀረጡ ዜሮ ነው ብንል እንኳ፣ በእነዚህ ሁለቱ ብቻ 56 ዶላሩ ወደ 15 ዶላር የሚጠጋ ታክስ ይወልዳል። ካርቶኑ በልኩ ቢሆን ኖሮ ለማጓጓዣው በሙሉ ከምከፍለው 14 ዶላር ይበልጣል።

ይህንን ስሌት ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ድርጅቱ የሰጠኝ «ቀረጥና ልዩ ልዩ» የሚል አንድ መስመርና አንድ ድምር ብቻ ነው። ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም ለጉምሩክ የቀረበውን የዕቃ መግለጫ፣ አሳዩኝ አልኩ። የብዙ ሰው ዕቃ በአንድ ላይ ስለገባ ለየብቻ የለም ተባልኩ። ታዲያ ከድምሩ ውስጥ የእኔ ድርሻ ስንት እንደሆነ በምን ተሰላ? መልስ አላገኘሁም። ሒሳቡ በዶላር ይነገርና የሚከፈለው በብር ነው፤ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ባንክ ተመን እንደተመነዘረም አልተጻፈም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ማለፉን ሁላችንም አይተናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ተመኑን አለመጻፍ ዋጋውን አለመናገር ነው።

ከፈልኩ። ልጁ ሠርግ ነበረበት። ለልጁ የነገርኩትን ዋጋ ግን መለወጥ አልቻልኩም፤ ልዩነቱን ራሴ ቻልኩት። ቃሌን ሰጥቼዋለሁና።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በዚያው ቀን በመስኮቱ ያስተናገደኝ ሰው፣ ሊረዳኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ «ለሚቀጥለው ደረሰኙን 20 ዶላር አስብለው ላክልን» አለኝ። ይህን ምክር የሚቀበሉ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ጓደኞቼም አሉበት። እኔ አላደርገውም። ለጉምሩክ ሐሰተኛ ዋጋ ማቅረብ ጥፋት ነው፤ ጉምሩክ ከተጠራጠረ የቀረበለትን ደረሰኝ ትቶ ዋጋውን በሌላ መንገድ ይተምናል። ዕቃው ቢጠፋስ? ካሳ የሚጠየቀው በተገለጸው ዋጋ ልክ ነው። 20 ዶላር ብሎ የጻፈ ሰው 86 ዶላር ጠፋብኝ ብሎ የሚከራከርበት ወረቀት የለውም። ድርጅቱ ግን በሁለቱም መንገድ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ስሙ ደረሰኙ ላይ ያለው ደንበኛ ነው። ሰውን ወደዚህ የሚገፋውም ቀረጡ ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ አለማወቁ ነው። ያላወቁት ነገር ያስፈራል፤ የፈራ ሰው ደግሞ የመሰለውን መሸሸጊያ ይይዛል።

ጎረቤቴ የፎቶ ባለሙያ ነው። የካሜራ ባትሪና መብራት በአንድ ላይ አዝዞ መብራቱ ብቻ መጣለት። የሊቲየም ባትሪ በአየር ጭነት ልዩ ደንብ እንዳለው፣ ሽቶና በግፊት የታሸገ ቆርቆሮም እንዲሁ መሆኑን የነገረው አልነበረም። ባትሪው መጋዘኑ ቀርቷል፤ የማቆያ ኪራይ ይቆጠርበታል። ሲመዘገብ ሁለት መስመር ቢያነብ ኖሮ አይገዛውም ነበር።

ሁሉም እንዲህ አይደሉም። ከሁለት ዓመት በፊት የተጠቀምኩበት አንድ ሌላ ድርጅት ዕቃዬ መጋዘን እንደደረሰ ሚዛን ላይ እንዳለ ፎቶግራፉን ልኮልኛል። ልኬቱን ጽፎ፣ «በዚህ ካርቶን ይህን ያህል፣ ሻጩ ባሸገበት ከተላከ ይህን ያህል፤ የትኛውን ይመርጣሉ?» ብሎ ጠይቆኛል። መልሴን እስክሰጥ ዕቃው አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ የማይቻል ነገር እየጠየቅኩ አይደለም። ያን ድርጅት የተውኩት ዋጋው በኪሎ ሁለት ዶላር ስለሚበልጥ ነበር፤ አሁን ሳስበው ርካሹ እርሱ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። መርካቶ ሸሚዝ የሚሸጥ ነጋዴ ዋጋ እንዲለጥፍ ይጠየቃል። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣልን ድርጅት ዋጋውን ዕቃው ከገባ በኋላ፣ እኛ እምቢ ማለት በማንችልበት ሰዓት የሚነግረን ለምንድን ነው? ዕቃዬ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ «ውድ ነው፣ ይቅርብኝ» ማለት አልችልም፤ በ86 ዶላር የገዛሁት ዕቃ በእጃቸው ነው። ዋጋ መነገር ያለበት ዕቃው ገና መጋዘን ሳለ ነው። በጽሑፍ ይሁን፦ የካርቶኑ ልኬት፣ አካፋዩ ቁጥር፣ የሚከፈለው ኪሎ፣ የሚመነዘርበት ተመን፣ ግምታዊ ቀረጡ በየዓይነቱ። ከገባ በኋላ ደግሞ በእያንዳንዱ ደንበኛ ስም የተከፈለው ታክስ ተለይቶ ይሰጥ። ንግድ ቢሮውም ጉምሩክ ኮሚሽንም ይህን ለፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ቢያደርጉት ማንንም አይጎዳም፤ መንግሥትም ታክሱ በትክክል መግባቱን ያይበታል።

ከሱቄ ተነሥቼ ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው ዋናው ፖስታ ቤት ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ነው የምሄደው። አገራችን ፖስታ የጀመረችው በ1886 ዓ.ም. ነው። የፖስታ ሳጥን፣ ዕቃ መረከቢያ፣ በየከተማው ቅርንጫፍ አለ። ውጭ አገር የመቀበያ አድራሻ አዘጋጅቶ ይህንኑ አገልግሎት በታወቀ ዋጋ ቢሰጠን የመጀመሪያው ደንበኛ እሆናለሁ። የዝግጅት ክፍላችሁም ይህን ጥያቄ ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች አቅርቦ መልሳቸውን ቢያስነብበን ደስ ይለኛል።

ሳክስፎኑ ተጠግኖ ወጥቷል፤ ልጁም ሠርጉን ተጫውቶ በማግስቱ ሊያመሰግነኝ መጥቶ ነበር። ካርቶኑን ግን አልጣልኩትም። ልኬቱን በእስክሪብቶ ጎኑ ላይ ጽፌ፣ ትንሹን ካርቶን ውስጡ አስቀምጬ መደርደሪያው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከእናንተ ጋዜጠኞች አንዱ ሜትር ይዞ ቢመጣ ሁለቱንም ራሱ ሊለካ ይችላል፤ ከእሑድ በቀር በየቀኑ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት አለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ፣ ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ አዲስ አበባ