የቆሮሶው ጉበት ለአባ ኮዳ ሲጣል

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ብክለት የምትጽፉትን እከታተላለሁ። አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። ነገሩ ወሬ የሚሆነው ዓሣ ሞቶ ሲንሳፈፍ ነው። ዓሣው እኮ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ታሞ ኖሯል።

ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የወረደ ሰው ያየዋል። ወጣቶቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቆዳውን ገፈው ፊሌቶውን ያወጣሉ፣ ሆድ ዕቃውን ወደ ዳር ይወረውራሉ። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እግራቸው ሥር ቆሞ ይጠብቃል፤ መሬት ሳይነካ ይቀልበዋል። ጉበቱም አብሮ ይሄዳል። ሐይቁ ምን እንደሆነ ሊነግረን የሚችለው ግን እሱ ጉበት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ መዳብ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ ያሉ ብረቶች፣ ፀረ ተባይ መድኃኒትም ጭምር፣ በመተንፈሻው በስንጥቡና በምግቡ በኩል ወደ ዓሣው ይገባሉ። ያኔ ሰውነቱ ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚያጠቁ ቅንጣቶች ይበዛሉ። ዓሣው መከላከያ አለው፤ ካታሌዝ የተባለው ኢንዛይም አንዱ ነው። መጀመሪያ ጉበቱ ኢንዛይሙን ጨምሮ እያመረተ ይታገላል። ብክለቱ ካልቆመ ግን አቅሙ ያልቃል። የሴሉ ሽፋን ውስጥ ያለው ስብ፣ ክፍት ያደረ ዘይት ቆይቶ እንደሚከረፋው፣ ይበላሻል። ሳይንሱ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይለዋል። ዓሣው ግን ይዋኛል፣ መረብም ይገባል፣ ሲያዩት ደህና ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ በጨለለቃ ረግረግ አልፎ ይዞት የሚመጣው፣ ጎርፍ ከየቦዩ ጠርጎ የሚያወርደው፣ እዚያው ይቀራል። ብረት ደግሞ አይበሰብስም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ቢልጫ ከሚባለው የሐዋሳ ዓሣ ሌላ ዓሣ የሚበሉት ትልልቆቹ ሜርኩሪ በብዛት እንደሚያጠራቅሙ አሳይቷል።

ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ መመርመር ጥሩ ነው፣ አይቅር። ግን ጠርሙሱ የሚያሳየው የዚያን ሰዓት ውሃ ብቻ ነው። ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ እስኪነጋ ሊያልፍ ይችላል። ዓሣው ግን ሌሊቱንም እዚያው ነበር።

ዓሣ አትብሉ ማለቴ አይደለም። በዚያ ሐይቅ ስንት ቤተሰብ እንደሚተዳደር አውቃለሁ፤ እኔም ሾርባውን እወዳለሁ። የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ከአስጋሪዎቹ ጋር ተስማምቶ በየወሩ ጥቂት ቆሮሶ ይወሰድ፤ ግማሹ ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት፣ ግማሹ ከከተማው ርቆ ካለው ዳርቻ። መጠናቸው ተቀራራቢ ይሁን። ጉበትና ስንጥቡ ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጥ፣ ላቦራቶሪ ይግባ፣ ሁለቱ ይነጻጸሩ። ውጤቱ አሞራ ገደል በር ላይ በአማርኛም በሲዳምኛም ይለጠፍ። እናንተም እንደ ውጭ ምንዛሪ ዋጋ ሳታቋርጡ አትሙት።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ