ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ይሰጥ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል ስትመጣ በጤና ጣቢያ የሚሰጣት ክኒን 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ (ከቫይታሚን ቢ ዓይነቶች አንዱ) የያዘ ነው። ለደም ማነስ ይጠቅማል። ልጇን ከነርቭ ቱቦ ክፍተት ለማዳን ግን አብዛኛውን ጊዜ ጊዜው አልፏል።

የፅንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር መጀመሪያ ጠፍጣፋ ንጣፍ ናቸው። ከፅንሰት በኋላ በአራተኛው ሳምንት የንጣፉ ጠርዞች ተነሥተው ይጋጠሙና የነርቭ ቱቦ የሚባለውን ይሠራሉ። ግጥሚያው ከአንገት አካባቢ ጀምሮ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል፤ የጭንቅላቱ ጫፍ በ25ኛው፣ የታችኛው በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። ላይኛው ካልተዘጋ የአንጎሉ ዋና ክፍልና የራስ ቅሉ ሳይሠሩ ስለሚቀሩ ሕፃኑ አይተርፍም። ታችኛው ካልተዘጋ ሕብለ ሰረሰሩ ጀርባ ላይ ተጋልጦ ይቀራል፤ እግር ይሰንፋል፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ያስቸግራል፣ ብዙ ጊዜም ጭንቅላት ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል።

በ28ኛው ቀን የእናትየዋ የወር አበባ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ብዙዎች ለመጀመሪያ ክትትል የሚመጡት ግን ከሦስተኛው ወር በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ እርግማን ነው እየተባለ እናት ትወቀሳለች። ይህ ግፍ ነው። የሚታወቁት መንስኤዎች የፎሌት (በምግብ ውስጥ የሚገኘው የዚሁ ቫይታሚን) እጥረት፣ የዘር ተጋላጭነት፣ ያልተስተካከለ የስኳር በሽታና እንደ ቫልፕሮት ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የብዙ አገሮች ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ፅንስ የገጠማቸው እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ ዳግም የመከሰት ዕድሉ በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ ማበልጸግ ትክክለኛ እርምጃ ነው። ጤፍና በቆሎዋን በሰፈር ወፍጮ የምታስፈጭ እናት ጋ ግን አይደርስም። ስለዚህ የፎሊክ አሲድ ክኒን ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ይግባ፤ ለመውለድ ብላ ክንዷ ላይ የተቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ልታስወጣ የመጣች ሴት ያኔውኑ ትቀበል። ከጋብቻ በፊት ለኤችአይቪ ምርመራ የሚመጡ ጥንዶችም እንዲሁ። መጠኑ በቀን 400 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ከእርግዝና ቢያንስ አንድ ወር በፊት ተጀምሮ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ይወሰዳል።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ፅንስ ለገጠማት 4 ወይም 5 ሚሊግራም በሐኪም ይታዘዝላታል። ይህን መጠን ከብረት ጋር ከተቀላቀለው ክኒን ደራርቦ ለመሙላት መሞከር አደገኛ ነው፤ 4 ሚሊግራም ለመሙላት የሚያስፈልጉት አሥር ክኒኖች 600 ሚሊግራም ብረት ይይዛሉ። ቫልፕሮት የምትወስድ ሴትም ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር እንጂ መድኃኒቱን በራሷ አታቋርጥ፤ ድንገት ማቆም ከባድ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል።

የእናቶችና ሕፃናት ጤና ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ