ለሰኒ፣ ስለዚያች ናስ

ሰኒዬ፣

መጀመሪያ ስድብሽን ጨርሺ፤ እጠብቃለሁ።

ጨረስሽ? አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ፣ ለእማማ ልቅሶ እንኳ እግዜር ያጽናሽ ያልኩሽ በሰው አፍ ነው። ምን ላመካኝ፤ ይቅር በይኝ በቃ። ስንገናኝ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ፤ አሁን ግን ሌላ ጉዳይ አለኝ፤ እሱን ሳልነግርሽ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከደጉ ልጀምር። ልጄ ባቡር ልትሠራ ነው! ልትነዳ አላልኩሽም፣ ልትሠራ። እዚህ ስዊዘርላንድ ልጅ በ15 በ16 ዓመቱ ሙያ መርጦ፣ ፋብሪካ ገብቶ፣ እየሠራ ይማራል። የሷ 4 ዓመት ነው፤ ነሐሴ ላይ ትጀምራለች። «ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ብረት ልትበይድ?» ያላለኝ ሐበሻ የለም። እኔም መጀመሪያ ሆዴን ቆረጠኝ፣ አልዋሽሽም። ኋላ ግን አባቶቻችን፣ የድሬዳዋ ባቡር ሠራተኞቹ፣ ትዝ አሉኝ። የኛን ሆድ የሞላው ምን ሆነና!

ፋብሪካው ቡስናንግ ነው። ላምና የፖም ዛፍ የሞላባት የገጠር መንደር ናት፤ መሀሏ ላይ ስታድለር የሚባለው የባቡር ፋብሪካ ተገትሯል። ባቡሩ ግን ሁሉ ነገሩ አንድ ቦታ እንዳይመስልሽ። ጎማዎቹን የሚሸከመው ከሥር ያለው ቦጊ የሚሠራው እኔ በምኖርበት በዊንተርቱር ነው። ከቤታችን ወደ ቡስናንግ ስትሄድ ደግሞ ፍራውንፌልድን ታልፋለች። ፍራውንፌልድ የማን አገር እንደሆነ ታውቂያለሽ? የኢልግ! የአጤ ምኒልክ መሐንዲስ፣ በ1894 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የኛን ባቡር ፈቃድ የተቀበለው ኢልግ። ልጄ ጠዋት ጠዋት በሰውዬው የትውልድ ከተማ በኩል እያለፈች ባቡር ልትሠራ ነው። እንግዲህ ምን ልበልሽ።

አሁን ወደ ክፉው። (ሻይ አፈላሁ፤ ትንሽ ልዘግይ።)

ልጅ ሆነን ሁሉም ነገር ከፈረንሳይ ነው የመጣው እያልሽ ስትሞግችኝ ትዝ ይልሻል? የባቡሩ መሥሪያ ቤት ስሙ ሸሚን ደ ፈር ነዋ፣ አለቆቹ ፈረንሳይኛ ያወራሉ፣ አባትሽ አባባም ሲናደዱ የሚሳደቡት በፈረንሳይኛ ነው። ለኛማ «አልስቶም» ራሱ ናፍጣ ባቡር ማለት ነበር። የፋብሪካ ስም መሆኑን ያወቅሁት እዚህ መጥቼ ነው። ሊትሪናዋ፣ ያች የመንገደኛ ባቡር፣ ደግሞ የጣሊያን ናት፤ የቶሪኖው ፊያት። በቆምሽበት ተሸንፈሻል፤ የቁማሩን ሐምሳ ሳንቲም ከነወለዱ አዘጋጂ። አሁን በእናንተ በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪኩማ ከቻይና ነው፤ ሁናን ውስጥ ካለችው ከጁጆው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር የሌላ ከተማ ነው፣ የቻንግቹን። ልጄ ይህን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትወጣዋለች።

ያች የአባባ ናስ ትዝ ትልሻለች? የጥንቱ የእንፋሎት ባቡር ተቆራርጦ ለብረታ ብረት ሲሸጥ ከጎኑ ፈትተው ቤት ያመጧት ሰሌዳ። ጋዜጣው በንፋስ እንዳይበር የሚጭኑባት፣ የቡና ሲኒ የሚያሳርፉባት። «ቬንቴርቱር» ይሏት ነበር፤ እኛ የባቡሩ ስም መስሎን።

ሰኒ፣ እኔ ነኝ የወሰድኳት።

ልሄድ ስል እናንተ ቤት በሸኛችሁኝ ሌሊት። እናንተ ግቢ ውስጥ ሻንጣዬን ስታስሩ እኔ ሳሎን ብቻዬን ነበርኩ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ከድሬ አንድ ከባድ ነገር ይዤ መሄድ ፈለግሁ መሰለኝ፤ ፎቶ ቀለለብኝ። ከዚያ አፈርኩ፤ በነጠላ ጠቅልዬ ምድር ቤት ካርቶን ውስጥ ከተትኳት። 19 ዓመት ዊንተርቱር ስኖር አንድም ቀን ገልጬ አላየኋትም። ደግሞ እዚህ ሰው ከተማውን «ቪንቲ» ነው የሚለው፤ በምን አእምሮዬ ላገናኘው?

ባለፈው ጥር ልጄ ካርቶኑን ስታገላብጥ አገኘቻት። በኮምጣጤና በጨው ፈግፍጋ ይዛ መጣች። «እማ፣ ይሄ እኮ የኛ ከተማ ነው!» አለች። የስዊስ የሎኮሞቲቭና የማሽን ፋብሪካ፣ ዊንተርቱር። በ1871 የተቋቋመ፣ ጥርስ ባለው ሐዲድ ተራራ የሚወጡ ባቡሮችን በመሥራት ስሙ የታወቀ ፋብሪካ ነበር፤ አሁን የለም። ሥራ ለመጠየቅ ስትሄድ ከምስክር ወረቀቷ ጋር ናሷንም ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «የእናቴ አገር ሰዎች ይህን ባቡር ድሬዳዋ ላይ ሲጠግኑት ኖረዋል» አለቻቸው። ተቀበሏት። «እናትሽ እንዴት አገኘችው?» ብለው እንዳልጠየቋት ማርያምን አመሰግናለሁ።

አሁን ምን ላድርግ? ለአባባ ልንገራቸው? አንቺ ቀድመሽ ትነግሪልኛለሽ? ወይስ ዝም ብዬ በፖስታ ልስደዳት? በ87 ዓመታቸው ጥቅል ፈተው ናሷን ቢያዩ ይደነግጡብኝ ይሆን እያልኩ ፈራሁ። ልጅቷ ደግሞ «እኔ ራሴ ወስጄ እሰጣቸዋለሁ፣ ስለ ባቡሩም እጠይቃቸዋለሁ» ትላለች። በሐምሌ የድሬን ሙቀት ትቻለው እንደሆነ እንጃ።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አባባ የጠረጠሩት ያንን ቁራሌውን ልጅ ነበር አይደል? ሰፈር ሰብስበው ሰድበውት፣ ከዚያ ወዲያ ግቢያችሁ ድርሽ እንዳይል ያደረጉት። አንቺ በስልክ እየሳቅሽ ስትነግሪኝ እኔም አብሬሽ ሳቅሁ፣ ሰኒ። ናሷ ምድር ቤቴ ውስጥ ሆና ሳቅሁ።

ስሙ ማን ነበር? አሁንም እዚያ ሰፈር አለ?

እኅትሽ